ጭጋግ ካየሽ ተመለሺ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 29

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ ተቆጥታለች እንጂ ደህና ናት። ይህን የምጽፈው በወረቀት ነው። ወንድምሽ ማታ ከሥራ ሲመጣ ተይቦ በቴሌግራም ይልክልሻል። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ነበር። መጀመሪያ ስደውል "አባ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ" አልሽኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስታነሺ ደግሞ እኔው ቃል አጣሁ። ስለ ጤፍ ዋጋ አውርቼ ዘጋሁት።

የአክስትሽ ልጅ እሑድ ደውሎ ነበር። ለእኔ ብቻ ሊነግረኝ ነበር ሐሳቡ። ግን እናትሽ አጠገቤ ቡና ትቆላለች፣ የኔ ስልክ ደግሞ እንደምታውቂው ካልጮኸ አይሰማኝም። ሁሉንም ሰማች። ቅዳሜ ብቻሽን ከሼፊልድ በባቡር ሄደሽ፣ ባምፎርድ ወርደሽ፣ "ቀላል ኮረብታ ናት፣ ደርሼ እመጣለሁ" ብለሽ ወጥተሽ፣ ጭጋግ ይዞሽ፣ መንገድ ስተሽ፣ ስልክሽ ቻርጅ ጨርሶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው አሉ ጣቢያው የደረስሽው። ጂንስሽ እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ሆኖ። ያ ውሻውን ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ባያገኝሽ ምን ትሆኚ ነበር? እናትሽ ቡናውን አሳረረችው። አርባ ዓመት ቡና ስትቆላ አሳርራ አታውቅም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ኋላ በወሬ መሀል እንዳይጠፋብኝ። ጭጋግ ካየሽ ተመለሺ። ጫፉ ላይ ልትደርሺ አሥር እርምጃ ቢቀርሽም ተመለሺ። የባቡሩን ብር ከፍለሽ ቢሆን፣ ጓደኞችሽ ቀድመውሽ ቢሆን፣ አንድ ፎቶ ሳታነሺ ብትቀሪም ተመለሺ።

ጥፋቱ ደግሞ ያንቺ ብቻ አይደለም። ዊን ሂል የምትይውን ኮረብታ መጀመሪያ ስትነግሪኝ እኔም ስቄያለሁ። 463 ሜትር! የኛ ሐይቅ ራሱ ያለው 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የመላው ብሪታንያ ትልቁ ተራራ፣ ስኮትላንድ ያለው ቤን ኔቪስ፣ 1,345 ሜትር ነው። እንግዲህ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ የዓሣ ሾርባ የሚጠጣ ሰው ከብሪታንያ ተራሮች ሁሉ በላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ቀልድ ለጡረተኛ ጓደኞቼ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። "ልጄ ተራራ ወጣች አሉ፣ ከሐዋሳ ወርዳ!" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ዊን ሂል ማለት አሸናፊ ኮረብታ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ሉዝ ሂል ደግሞ ተሸናፊ ኮረብታ መሆኑን፣ ተሸናፊው ግን 476 ሜትር ሆኖ አሸናፊውን በ13 ሜትር እንደሚበልጠው ጽፈሽልኝ የለ? እሱንም እየነገርኩ አስቄያቸዋለሁ።

አሁን አያስቀኝም። ሰው የሚገድለው ከፍታው ብቻ አይደለም። እርጥብ ልብስ፣ ንፋስና ጨለማ አንድ ላይ ከመጡ 463 ሜትር ይበቃቸዋል። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

አንቺ ያደግሽው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ በምትጠልቅበት አገር ነው። ባለፈው ሰኔ "እዚህ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን ነው" ብለሽ አስገርመሽን ነበር። ያቺው ፀሐይ ጥቅምት ሲያልቅ ያበደረችውን ታስመልሳለች። ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ከመለሱ ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። ቅዳሜ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጠልቃለች፤ ወንድምሽ ፈልጎ አሳየኝ። አንቺ ከጣቢያው የተነሣሽው 8 ሰዓት ከሩብ ነው።

የቀያሽ ሂሳብ ልሥራልሽ። ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 በእነሱ አቆጣጠር ያወጣት ቀመር አለች። በሜትር ስትቀየር ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ዳገት ደግሞ አንድ ደቂቃ ትጨምሪያለሽ። ደርሶ መልሱ 8 ኪሎ ሜትር ነው ብለሻል፤ 96 ደቂቃ። ዳገቱ 300 ሜትር ይሆናል፤ 30 ደቂቃ። ሲደመር ሁለት ሰዓት ከ6 ደቂቃ። ይህ እንግዲህ ሳትቀመጪ፣ ሳንድዊችሽን ሳትበዪ፣ ለቲክቶክ ሳትቀርጪ ነው። 8 ከሩብ ላይ ሁለት ሰዓት ከ6 ደቂቃ ጨምሪበት። ሂሳብ ከኔ ተምረሽ ይህን ማስላት አቃተሽ? ገና ከጣቢያው ሳትወጪ መመለስ የነበረብሽ ቀን ነበር።

አሁን ቁጣዬን ትንሽ ላብርድ።

በነሐሴ ከጓደኞችሽ ጋር ወጥተሽ የላክሽውን ፎቶ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። የኮንክሪት ምሰሶውን አቅፈሽ የቆምሽበት። ከኋላሽ ሐይቅ የመሰለው ግድብ፣ ከሥርሽ ሐምራዊ አበባ። እናትሽ "የማን ሐውልት ነው?" አለች። እኔ ገና ሳየው ነው ያወቅሁት። ሐውልት አይደለም፣ የቅየሳ ነጥብ ነው። እንግሊዞች ከ1936 ጀምሮ በየጫፉ ያቆሟቸው ናቸው፤ 6,500 ገደማ ይሆናሉ። አንዱ ላይ ቆመሽ ሌላውን ታያለሽ። ማዕዘኑን ትለኪያለሽ። እንዲህ እያሉ አገሩን በሙሉ በሦስት ማዕዘን አሰሩት። አሁን ጂፒኤስ መጥቶ ሥራ ፈትተዋል። እንደኔው ጡረታ ላይ ናቸው፣ ልዩነቱ እነሱን ሰው እየመጣ ያቅፋቸዋል።

አናቱ ላይ ያለውን የነሐስ ሳህን አይተሽዋል? ከመሀሉ ወደ ጠርዝ የሚወጡ ሦስት ጎድጎዶች አሉት። ቴዎዶላይቱ፣ ማዕዘን የምንለካበት መሣሪያ፣ ሦስት እግሮቹን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ማንም ቀያሽ መቼም ቢመጣ፣ መሣሪያው የፀጉር ያህል ሳይዛነፍ እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጣል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! እኛ በክር የተንጠለጠለች ክብደት ይዘን በንፋስ ስንታገል እንውል ነበር። ነጥብ ስንተክል ደግሞ ሌሊቱን ይቆፈራል፤ ሥሩ ወርቅ የቀበርን ይመስላቸዋል። ያ ያቀፍሽው ምሰሶ ጎኑ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ብረት አለ። ስትሄጂ ቁጥሩን ጽፈሽ ላኪልኝ። ስትሄጂ አልኩ? እንግዲህ አትሄጂም እንደማልልሽ አወቅሽ። ጭጋግ ካለ ግን አትሄጂም።

ሐምራዊው አበባም ዘመዳችን ነው። የኛ አስታ ቤተሰብ ነው። እዚያ ጉልበት አይደርስም። ባሌ ላይ ግን ዛፍ ይሆናል፣ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ ይንጠለጠልበታል፣ ሰው ውስጡ ገብቶ ይጠፋል። ሙር ያልሽኝን መሬት ስትገልጪልኝ፣ ጥቁር ጭቃው፣ ውሃ የቋጠረው ሣር፣ ዛፍ የሌለው ሜዳ፣ ንፋሱ፣ "ይሄማ ሳኔቲ ነው" ብያለሁ በልቤ። አፌን ግን ዘጋሁ። አርባ ዓመት ገደማ ዘግቼዋለሁ።

በኛ አቆጣጠር 1976 ሚያዝያ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከጎባ በላይ ሳኔቲ ላይ ሥራ ሰጠን። ሳኔቲ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ሜዳ ስልሽ የአዳማ ሜዳ እንዳይመስልሽ። ጠዋት በረዶ፣ ቀትር ላይ ቆዳ የሚልጥ ፀሐይ፣ ከሰዓት ጭጋግ። ጅብራ የሚባል ተክል አለ፤ ቀጥ ብሎ ከሰው በላይ ይቆማል። በጭጋግ ውስጥ ሲታይ ሰው ቆሞ የሚጠብቅሽ ይመስላል። ስንቴ "ማነህ?" ብዬ ጠርቼዋለሁ።

አንድ ረዳት ነበረኝ። የጎባ ልጅ ነው፣ አሥራ ሰባት ቢሆነው ነው። በቀን ሒሳብ የተቀጠረ። ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዞ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ እኔ ከታች በመሣሪያው አየዋለሁ። ሥራው ይኸው ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆም። እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ አላየሁም። ጋቢውን በትከሻው ጣል አድርጎ ሲቆም እሱም ዘንግ ይመስል ነበር። ያን ቀን ጠዋት ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታድን አሳየኝ። "ዝም በሉ ጋሼ" ብሎኝ ግማሽ ሰዓት ሥራ ፈትተን አየናት። ያቺ ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

አንድ ነጥብ ቀርቶናል። ያን ከጨረስን ነገ ጎባ ወርደን ሙቅ ውሃ እናገኛለን። ሰማዩ ከምዕራብ ጠቆር ብሏል። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽሽም። "ሂድ፣ ጫፉ ላይ ያዝልኝ" አልኩት። ከዚያ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት ሁለቴ ቶሎ ወርዶብኝ ስለነበር፣ "እኔ ሳልመጣ እንዳትወርድ" አልኩት። በቁጣ ነው ያልኩት።

ጭጋጉ ለመምጣት አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። መጀመሪያ ዘንጉ ጠፋ። ቀጥሎ ኮረብታው። ቀጥሎ የራሴ ጫማ። ከዚያ በረዶ የተቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ቴዎዶላይቱ በስሜ የተመዘገበ ነው፤ ዋጋው የአምስት ዓመት ደሞዜን ይበልጣል። በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወደ መኪናው ወረድኩ። ልጁን ተጣራሁ? ተጣርቻለሁ። ንፋሱ ድምፄን ወደ አፌ መለሰው። "አገሩ ነው፣ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል፣ ይወርዳል" አልኩ። ሾፌሩ እስከ እኩለ ሌሊት ጥሩምባ ሲያሰማ ቆየ። አልወረደም።

ለምን ይወርዳል? እንዳትወርድ ብዬዋለሁ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። እዚያው ነበር። ዘንጉን በሁለት ጉልበቱ መሀል ይዞ ተቀምጧል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋቢው ርሶ፣ ሌሊት በርዶ፣ እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር፤ ስንገልጠው ተንኳኳ። በሕይወት ነበር። ዓይኑን ገልጦ አየኝና ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "ጋሼ፣ አሁን ልውረድ?" አለኝ።

ከግራ እግሩ ሦስት ጣቶች ተቆረጡ። መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲጻፍ "በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት" ተባለ። የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ካሣ የለውም ተባለ። እኔም ፈረምኩ። የፈረምኩበት ሰማያዊ እስክሪብቶ ቀለም ይተፋ ነበር፤ ጣቴ ላይ የቀረውን ቀለም ሁለት ቀን አሸሁት። በዓመቱ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። ልጁን ዳግመኛ አላየሁትም። ጎባ ሱቅ ከፍቶ እንደሚኖር ከዚያ ሾፌር ሰምቻለሁ። ስልኩንም ሰጥቶኛል። ስልኩ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ካለ ስድስት ዓመት ሆነው።

አሁን ታቦርን አስታውሺ።

ሰባት ዓመትሽ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ታቦር ተራራ ይዤሽ ወጣሁ። አዲስ ጫማ ነበር ያደረግሽው፣ ለጥምቀት የተገዛው። ግማሽ ላይ ተረከዝሽ ተላጠ። "አባ እንመለስ" አልሽ። እኔ ምን አልኩሽ? "የጀመሩትን ሳይጨርሱ መመለስ የለም። ጫፍ ሳንደርስ አንወርድም።" እያለቀስሽ ወጣሽ። ጫፍ ላይ ሐይቁን ስታዪ ሳቅሽ። አባ ኮዳዎቹ ከአሞራ ገደል ተነሥተው ከኛ በታች ሲበሩ "አባ፣ ጀርባቸውን አየሁት!" አልሽ። ለሰው ሁሉ "ልጄ ጀግና ናት፣ አትመለስም" ብዬ አወራሁ። ከዚያ በኋላ ማትሪክም ሲሆን፣ ስኮላርሺፕም ሲሆን፣ ያችኑ ነው የነገርኩሽ። ሳይጨርሱ መመለስ የለም።

ያን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ጫፍ ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ፣ ለገዛ ልጄ ሌላ ቃል መፈለግ ነበረብኝ። አልፈለግሁም። ቅዳሜ ዕለት ጭጋጉ ሲመጣ "ትንሽ ነው የቀረኝ" ብለሽ የቀጠልሽው በማን ቃል እንደሆነ ሳስብ ነው ስልኩ ላይ ድምፄ የጠፋው። የታቦሩን ቃል አንሥቻለሁ። ተሽሯል። ጭጋግ ካየሽ ተመለሺ፣ ሚጣዬ። ማንም "ጠብቂኝ" ብሎሽ ቢሆን እንኳ። እኔ ብዬሽ ቢሆን እንኳ።

አሁን ወደ ሥራ።

ጂንስ አትልበሺ። ጥጥ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀትሽን ይጠጣዋል። ጋቢ እዚህ በረንዳ ላይ ነው ደጉ፤ ዝናብ ላይ ጠላት ነው። የመንዝ ሰው ባና የሚለብሰው ወዶ አይደለም። ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ከውስጥ ሱፍ ወይም እነዚያ ቶሎ የሚደርቁትን የስፖርት ልብሶች፣ ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ጃኬት ልበሺ። ጓንትና ኮፍያ በነሐሴም ቢሆን ከቦርሳሽ አይጥፉ።

የግንባር ባትሪ ግዢ። የስልክ መብራት ባትሪ አይባልም፤ ስልክሽ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ብርድ ደግሞ የስልክ ቻርጅ ይበላል። ፓወር ባንክሽን ከውስጥ ኪስሽ፣ ሰውነትሽ አጠገብ ያዢው።

የወረቀት ካርታ ግዢ። ኦኤል 1 የሚባለው ነው፣ በ1 ለ25,000። አራት ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ኮምፓሴን ልኬልሻለሁ፣ ወሩ ሲገባ የሚመጣ ሰው አግኝተናል። የድሮ ነው ብለሽ እንዳትንቂው። ከመነሣትሽ በፊት፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ የምትመለሺበትን አቅጣጫ ለኪና እጅሽ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊው። ጭጋግ ውስጥ የራስሽን ስሜት አትመኚ። ሰው በጭጋግ ቀጥ ያልኩ እየመሰለው ይዞራል፤ እኔ ሳኔቲ ላይ የራሴን ዱካ መልሼ አግኝቼዋለሁ።

ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚያምር ቦታ ካየሽ አትርገጪው። ያ ሣር አይደለም፣ ውሃ ላይ የተነጠፈ ሞስ የሚሉት ለስላሳ ተክል ነው። መንገድ ቢጠፋሽ ደግሞ ወንዝ ተከትለሽ ልውረድ እንዳትዪ። ወንዝ ወደ ገደል ነው የሚወስድሽ።

ፊሽካ ያዢ። ስድስት ጊዜ ንፊ፣ አንድ ደቂቃ ቆዪ፣ እንደገና ስድስት። በባትሪም እንዲሁ ነው። 999 ስትደውዪ መጀመሪያ ፖሊስ በያቸው፣ ከዚያ የተራራ አድን ሠራተኞችን ጠይቂ። ድምፅ የማያስተላልፍ ቦታ በቴክስትም ይሠራል፣ ግን አስቀድመሽ መመዝገብ አለብሽ። ሬጂስተር የሚለውን ቃል በእነሱ ፊደል ጽፈሽ ወደ 999 ላኪ፤ የሚመልሱልሽን ተከተዪ። ዛሬ አድርጊው። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ አድርጊው።

ለአክስትሽ ልጅ "መደወል አፍሬ ነው፣ በቅዳሜ ቀን ሰው ላስቸግር?" ብለሽዋል። ይሉኝታሽን ቤትሽ ትተሽ ውጪ። ሰዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብ አይጠይቁም፣ የተዘጋጁት ሊጠሩ ነው። ያ ልጅም እኮ ይሉኝታ ነው ያስቀመጠው። ጋሼ ይቆጣል ብሎ።

እነዚያ በእነሱ አቆጣጠር በ1932 ኪንደር ስካውት የሚባለው ተራራ ላይ ባላባቶቹን ተጋፍተው የወጡት ሠራተኞች ነገር ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። አምስቱ ታስረው ነው መሬቱ ኋላ ለእግረኛ የተከፈተው ብለሽኛል። ጥሩ። ታስረው ያስከፈቱት ሰው እንዲሄድበት ነው፤ የሐዋሳ ልጅ እንድትጠፋበት አይደለም።

ብቻሽን ስትሄጂ ከመውጣትሽ በፊት ለወንድምሽ ሦስት ነገር ጻፊለት። ከየት እንደምትነሺ፣ በየት እንደምትመለሺ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደርሺ። ሎኬሽን ብቻ ልከሽ ዝም አትበዪ፤ ስልኩ ሲዘጋ ሎኬሽኑ የት ይገባል? ሰዓቱ ካለፈ እሱ ለአክስትሽ ልጅ ይደውላል፣ እሱ ደግሞ ለፖሊስ። ተነጋግረናል። ሰዓትሽን ስትጽፊ በእነሱ ይሁን በኛ ለዪ። ባለፈው "6 ላይ እመለሳለሁ" ብለሽ እናትሽ እኩለ ሌሊት ድረስ ቁጭ ብላለች።

እናትሽ በሶ እያስፈጨች ነው፤ ከኮምፓሱ ጋር ይመጣል። ዳቦ ቆሎም አለበት።

እኔ ደግሞ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ። የጎባውን ቁጥር ማለቴ ነው። ወንድምሽን ቁጥሩ እንደሚሠራ እንዲያይልኝ እጠይቀዋለሁ። ከሠራ ምን እንደምለው አላውቅም። መጀመሪያ ስሜን እነግረዋለሁ መሰለኝ።

ኅዳር ጽዮን ላይ እንድትደውዪ። ደህና ሁኚልኝ። ጭጋግ ካየሽ ተመለሺ።

አባትሽ

እናትሽ ነኝ። ልጁ ተይቦ ሲጨርስ ስልኩን ተቀብዬው ነው። ስለ ጎባው ልጅ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ። ክረምት ክረምት ሌሊት እየተነሣ መስኮት ላይ ለምን እንደሚቆም አሁን ገባኝ። ቡና አፍልቼለት አልጠጣም፣ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ነገ ደውይለት። ስለ ልጁ አትጠይቂው፣ የምሰሶውን ቁጥር ነው መስማት የሚፈልገው። በሶውን በስኳር እንዳትበጠብጪው፣ በጨው ነው። ያን ጂንስ ደግሞ ጣይው።